የኋላው አግዳሚ

«ሂባዬ፣ ዘንድሮ ማንጎው እንዴት ነው የጣፈጠው? … ትናንት የላክሽልንን እኔና ኢልሊ ቁጭ ብለን ጨረስነው፤ ለዛሬ እንኳን አላተረፍንም። ሙቀቱ ግን በዛ። ይኸው መቀሱ ሳይቀር ከእጄ እያዳለጠ ነው።»

ቡሴ ይህን ስትል ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የአሶሳ ገበያ መበተን ጀምሯል። ሙስሊም ጎረቤቷ ሂባ ከሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ ሴቶች የሚከናነቡትን የቶብ ጨርቅ ታጥፋለች። በሁለቱ ሴቶች መካከል፣ በረንዳው ላይ ባለች ወንበር፣ የቡሴ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ጥቁር ቦርሳ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ያመጡት የመዘምራን አሰልጣኙን ልብስ ነው። ጎኑ ጠቦታልና ለነገ አምልኮ ይድረስለት ብለዋል።

ልብሱን ከቦርሳቸው ሲያወጡ አንድ አረንጓዴ መዝገብ አብሮ ብቅ ብሎ ነበር፤ ፈጥነው መልሰው ከተቱት። ቡሴ መዝገቡን ታውቀዋለች። የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ነው። አሰልጣኙ የእህቷን ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷን ኢልሊን፣ መድፈሩን አምኖ የፈረመው እዚያ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ፖሊስ ሲጠይቃቸው ግን መጋቢው «ጠፍቷል» ብለዋል።

ቡሴ ክር ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ስልክ ደወለች፣ ተመልሳም የልብሱን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ ሆነ። እንግዲህ መጋቢው ቢቸኩሉም ይዘውት የሚሄዱት ነገር የለም። ሳቋ ሲመጣባት መርፌዋን በከንፈሯ ትይዛለች።

«አንቺ መቼም ሂባዬ፣ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አታውቂም፤ ላስረዳሽ። እኛ ጋ ሰው ሲያጠፋ ፖሊስ ምን ያደርጋል? … ተግሣጽ አለን። ስድስት ወር ከቅዱስ ቁርባን ይታገዳል፣ ስድስት ወር የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ እያለቀሰ ወደ ፊት ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል። አለቀ። ጠበቃ የለ፣ ቀጠሮ የለ። መንግሥት ይኼን ሁሉ ማረሚያ ቤት ሲገነባ አንድ አግዳሚ እንደሚበቃ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው የሚያሳዝነኝ።

«እና አንድ አባት አሉልሽ… ስማቸውን አልጠራም፣ መመስገን አይወዱም። የእሳቸው ፍርድ ልዩ ነው። አንድ ሰውዬ በአንዲት ልጅ ላይ ክፉ ሠራ። ሌላ ዳኛ ቢሆን ሰውዬውን ብቻ ይቀጣ ነበር። እሳቸው ግን ማዳላት አይሆንላቸውም። ለምን ከልምምድ በኋላ ብቻሽን ቀረሽ ብለው ልጅቱንም ቀጧት። ስድስት ስድስት ወር፣ እኩል። ደግሞስ ቤተ ክርስቲያናችን ስንት የኋላ አግዳሚ ያላት ይመስልሻል? … አንድ። ምን ያድርጉ? ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። እሑድ እሑድ፣ እሱ መሀል ላይ ተመቻችቶ፣ እሷ ጫፉ ላይ በግማሽ ጎኗ። ስታለቅስ ደግሞ አጽናንተዋታል። ‹ስድስት ወር ምን አላት ልጄ፤ ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም› አሏት። እንዲህ ያለ ማጽናናት ከየት ይገኛል?»

እዚህ ላይ የቡሴ ሳቅ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ያኔ እሷ ራሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማ ትዘምር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ልክ ነው ብላ፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታይ። ይህን ስታስበው ዛሬም ታፍራለች። ግን ረቡዕ ዕለት ኢልሊ ቃሏን ሰጥታ ከፖሊስ ጣቢያ ስትወጣ እያንጎራጎረች ነበር። ልጅቱ ከዘፈነች ከዘመረች ስንት ጊዜዋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡሴ ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ፣ ቁልፍ ስትተክልም፣ ክር ስታሾልክም ብቻዋን ትስቃለች።

«ማሎ፣ እባክሽ ሂባዬ፣ እስቲ ይኼን ልብስ እዪልኝ። ቅጣት ሰውን ያከሳል ሲሉ እሰማ ነበር። የዚህ ልብስ ባለቤት ግን አራት ጣት ሰፍቷል። ተግሣጽ ተስማምቶታል። ነገ ደግሞ ሕፃናቱ ፊት ቆሞ ያዘምራቸዋል። ልብሱን እንኳን ራሱ አላመጣም፤ ትልቅ ሰው ተሸክመውለት መጡ። በግ የሚጠብቅ እረኛ መቼም ሞልቷል፤ ለተኩላው ልብስ የሚያሰፋለት ግን ስንት አለ?»

መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ልብሱን አዩ። ልብሱ ጠረጴዛው ላይ አራት ቦታ ተዘርግቷል። ቦርሳውን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«መዝገብ አያያዛቸውንስ ብነግርሽ። ሌላ ሰው መዝገብ ሲጠፋበት ይጨነቃል፣ ቤቱን ያተራምሳል። እሳቸው ጠፋ ያሉትን እንኳን ከጉያቸው አይለዩትም። … ሕግ በእግዚአብሔር ቤት ምን አገባው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አምና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲሰረቅ ፖሊስ የጠሩት ገና ቁርሳቸውን ሳይበሉ ነበር፤ ግን ድምፅ ማጉያና ልጅ አንድ ነው እንዴ? ድምፅ ማጉያ ሲጠፋ እኮ ስብከታቸው አይሰማም። ልጅ ዝም ስትል ግን… ስብከቱ እንዲያውም ይጠራል።»

ሂባ የቶቧን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ያጠፈችውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ቆመችና ሳጅን ዐዋጢፍ ወረደች። የኢልሊን ጉዳይ የያዘችው፣ ቡሴም ከጓዳ የደወለችላት መርማሪ እሷ ናት። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ከትናንት ጀምሮ በእጇ ነው፤ መዝገቡን ትረከባለች፣ መጋቢውም ማስረጃ በመደበቅ ተጠርጥረው ቃላቸውን ይሰጣሉ። መጋቢው አይተዋት ከወንበሩ ብድግ አሉ። አንድ እግራቸውን ወደ ደረጃው ሰደዱ፣ ወደ ተበታተነው ልብስ ዞሩ፣ ቦርሳቸውን አዩ፣ መልሰው ተቀመጡ። የት ይሄዳሉ? ሳጅኗ መንገዱን እያቋረጠች ነው።

ቡሴ መርፌዋን ሰክታ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ፊቷ በርቷል። ለበዓል እንግዳ የምትቀበል ትመስላለች።

«እስቲ ሂባዬ፣ እጅሽን ዘርጊልኝ። አሜን መቼም የእናንተም የእኛም ነው። እኚያን አባት ልመርቃቸው፤ ለሰው ብለው ብዙ ደክመዋል። … ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። በሄዱበት ሁሉ ተቀብሎ የሚያስገባቸው አያሳጣቸው። ዳኛ ፊት ሲቆሙ አንደበታቸውን ያርታላቸው፣ የጠፋባቸውንም ያስገኝላቸው። አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ብቻቸውን አያድርጋቸው፤ ልብስ ያሰፉለት ልጃቸው ከጎናቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥላቸው። እሱ መሀሉ ላይ ይመቻችና… ጫፉን ለእሳቸው ያቆይላቸው። አሜን በይ።»