ባለቤቱ ያላወቀው ስድስት ደቂቃ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጋሽ እንየው፣ እትዬ ሰርካዲስ፣ የሆጤ ሰፈር ጎረቤቶቻችን፤ እኔን ለመሸኘት ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ፣ ጠዋትም ይህን በእጅ የሚሞላ ሰዓት ሸልማችሁ ክንዴ ላይ ስላሰራችሁልኝ አላህ ያክብራችሁ።

"ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። በዚህ የሰዓት መጠገኛ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት ሆድ በቀር ቀና ብዬ ያየሁት ነገር የለም። ዛሬ ግን እናገራለሁ።

ጋሽ እንየው፣ ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የምሄደው ግን በአንድ አባባልዎ ምክንያት ነው፦ "ባለቤቱ ካላወቀው ጥፋት አይደለም።"

እውነት ባለቤቱ ሰዓቱ መዛነፉን አያውቅም? አዎ፣ አያውቅም። ጠዋት ሲሞላው ዘወር ያደርግና ያስተካክለዋል፤ ከዚያ "የእኔ ሰዓት እኮ ንቅንቅ አይልም" ይላል።

ከቢስቲማ ወዲያ ካለ መንደር የመጡትን፣ በመስጊድ የሶላት ጥሪ የሚያሰሙትን ሙአዚን፣ ሼህ ሙዓዊያን ታስታውሷቸዋላችሁ? መስተዋት ሊያስቀይሩ ነበር የመጡት። ሰዓታቸውን ከስልኬ ጋር ሳስተያየው ስድስት ደቂቃ ይቀድማል።

"አባባ፣ ይዛነፋል እንዴ?"

"ወላሂ አይዛነፍም! ከመንደሩ ሰዓት ሁሉ ጋር እኩል ነው።"

"መንደሩስ በምን ያስተካክላል?"

"በእኔ አዛን ነዋ!"

ከጎኔ የነበረችው እትዬ ሰርካዲስ ሳቋ አምልጧት የሰዓት ማሰሪያ የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች። እኔ አልሳቅሁም። ረመዳን ነበር፤ ሰማዩም ፀሐይ የማያሳይ የበልግ ደመና። መንደሩ ሁሉ ፀሐይ ሳትገባ እያፈጠረ ነበር ማለት ነው። ነገርኋቸው። "አስተግፊሩላህ" ብለው ቁጭ አሉ።

ሼሁ ሲሄዱ ጋሽ እንየው፣ "መስተዋት ቀይሪ ተባልሽ እንጂ ሽማግሌ አስደንግጪ ተባልሽ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ እንዳላነጋግር ጓዳ ተቀመጥሁ።

ሼሁ ግን ተመለሱ። መንደሩ የተበላሹትን ቀናት ቀዷ አውጥቶ በሌላ ቀን ተክቶ ከጾመ በኋላ፣ የጎረቤቶቻቸውን ስምንት ሰዓቶች በመሐረብ ቋጥረው መጡ። "ያቺ ተናጋሪዋ ልጅ የታለች?" አሉ። እኔን! ተናጋሪ!

ስለዚህ ነገ ኮምቦልቻ የራሴን ጠረጴዛ እዘረጋለሁ። ጋሽ እንየው "ደንበኛ ታባርሪያለሽ" ብለውኛል። ላባርር! እጄ የገባ ሰዓት ሳይስተካከል፣ ባለቤቱም ሳይነገረው አይወጣም።

ጋሽ እንየው፣ አልተቀየምኩዎትም። እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ። እትዬ ሰርካዲስ፣ ሳቅሽ አይጥፋ። ሁላችሁም ያሰባችሁት በሰዓቱ ይድረስላችሁ።

የሸለማችሁኝ ሰዓት ግን ከጠዋት እስካሁን ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ባለቤትየዋ አውቃለች።