ለመርል የተመከረ መድን

መርል በአሜሪካዋ ኔብራስካ፣ በበቆሎ እርሻ መሀል ባለች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ቀረበ። ሚስቱ ላቮን ሳህኗን ይዛ ከጎረቤቷ ከአርዲት አጠገብ ተቀመጠች። ከጀርባዋ ባለው ጠረጴዛ፣ የከተማዋን ጡረተኞች የጤና መድን ያስመረጡት የመድን ወኪል የአሳማ ሥጋ በቢላ እየቆረጡ ነበር። ላቮን አይታቸዋለች። ዞር አላለችም፤ ድምጿን ግን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ድንች ሰላጣው እንዴት ነው፣ አርዲት? ሰናፍጭ አልበዛበትም? መርል ሲበዛለት ነበር የሚወደው… ብዪ እንጂ እቴ፣ ምን ያሳፍርሻል። ሰማዩም ጠራልን። በቆሎው ዝናብ ቢፈልግም፣ ለቀብር እንዲህ ያለ ቀን ይሻላል አይደል?

«ያን ትልቅ የአበባ ጉንጉንስ አየሽው? በሩ አላስገባ ብሎ አጋድመው ነው ያስገቡት። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ደግ ሰው ሥራው እንዲወራለት አይወድም… ከአበባው ላይ የቢሯቸው ስልክ ቁጥር ባይንጠለጠል፣ እኔም ባላወቅሁ።

«እንደሳቸው ያለ ለሰው አሳቢ ከየት ይገኛል? እኛ ሞኞቹ እኮ፣ መንግሥት ከፍሎ የሚጎድለውን የሚሞላ ማሟያ መድን ይዘን፣ መርል ልቡን ባመመው ቁጥር ኦማሃ ከተማ ወዳለው ሐኪሙ ይሄድ ነበር። ማንንም ሳያስፈቅድ! እሳቸው ናቸው ቤታችን መጥተው ያነቁን። ‹ለምን በከንቱ ትከፍላላችሁ? ነፃው መድን እያለ! ጥርስ ያክማል፣ መነጽር ይሰጣል፣ ጂም ያስገባል› አሉን። እሱኑ አስፈርመውን፣ ኬኬንም ጨርሰው ሄዱ። ለሰው የሚደክም ይርበዋላ!

«መርልስ ምን ጎደለበት? ጥርሱ ታጠበለት። የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ሲከፈት አላየሽውም፣ እንዴት ነጭ እንደነበር?… ‹ጥርስ ባዳ ነው› ይባል የለ? ባዳውን አሳከሙልን። ወረፋ የጠበቀው ዘመዱ ነው፣ ልብ። ‹የኦማሃው ሐኪም ከእኛ ጋር አይሠራም፣ ፈቃድ ይጠበቅ› አሉን የነፃው መድን ሰዎች። ጠበቅን። ወደ ድሮው ማሟያ እንመለስ ስንል ደግሞ የማሟያው ሰዎች ‹ልብዎን ያምዎታል?› ብለው ጠየቁት። መዋሸት ሙያ ይጠይቃል፤ መርል ከአውቶቡስ ሌላ ሙያ አልነበረውም… ‹ያመኛል› አለ። በሩ ተዘጋ። ለካ ጡረታ ስንወጣ ሳይጠይቁ የተቀበሉን አንዴ ብቻ ነው፤ ለወጣ ሰው መመለሻው ጤና ነው። እሳቸው ይህቺን ታህል መንገር ረስተውን ነው። ሰው ሆኖ የማይረሳ አለ?

«ፈቃዱም ቀረ እንዳትዪ። መጣ እኮ! ትናንት መርል የሚቀበርበትን ሱፍ ስተኩስ ስልክ ተደወለ። ‹ባለቤትዎ ኦማሃ መሄድ ይችላሉ› አለችኝ፣ ድምጿ የሚያምር ልጅ። አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

«እኔን የደነቀኝ ግን የሳቸው ትሕትና ነው። ከወራት በፊት ጉልበታቸውን ኦማሃ ታክመው መጡ። ‹ካርዴን አሳየሁ፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝ› ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ለካ እሳቸው አሮጌውን ማሟያ እንደያዙ ኖረዋል! ያን ሁሉ በረከት፣ ጥርሱን፣ መነጽሩን፣ ጂሙን፣ ለእኛ ለጎረቤቶቻቸው ትተው! ‹ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ› ይባላል… እሳቸው እቴ፣ ከነፃው እንኳን ሊቆርሱ፣ ፍርፋሪውንም ሳይቀምሱ! እንዲህ ራሱን የካደ ሰው ዛሬ ታገኛለሽ? ሳጥኑንም ከፊት ሆነው ነው የተሸከሙልን። አየሻቸው ደረጃውን ሲወጡ? ጉልበት ሲታደስ እንዲህ ነው።»

ከኋላዋ የቢላው ድምፅ አቆመ። አርዲት ሹካዋን አስቀምጣ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ላቮን ተነሥታ የድንች ሰላጣውን ጎድጓዳ ሳህን አነሣች፤ ወደ ኋላ ዞረችና በሰውየው ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመረችላቸው። ዓይኗ ግን ከአርዲት ላይ አልተነሣም።

«እኔ አሮጊቷ ምን ውለታ እመልሳለሁ? ያለኝ ምርቃት ነው። አሜን በዪልኝ፣ አርዲት። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ጉልበታቸውን እንዳቆመላቸው ያቁምላቸው። የታመሙ ዕለት ደግሞ… ልክ እንደ ራሳቸው ያለ መካሪ አያሳጣቸው።»