በሰንሰለቱ ቦታ የተጫነ አደራ

የሰው ዕቃ ማድረስ ደግነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን አንዳንዱ ደግነት ሲመረምሩት ድፍረት ሆኖ ይገኛል። ጋሽ ገመዳ ይህን የተማሩት በስድሳ ዓመታቸው፣ ያውም በአንድ ፍሬ ልጅ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና የነዱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። በዚያ ጠዋት ከሚኖሩባት ከሜርስታ ከተማ መኪና ማቆሚያ ወደ ጎረቤት አገር ኖርዌይ፣ ወደ በርገን ሊነሱ አንድ ሰዓት ቀርቷቸዋል። በመኪናው ጎን ያለውን የብረት ሳጥን ከፍተው፣ ወገን ለወገኑ የላከውን በርበሬና በሶ እየጠቀጠቁ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ካርቶን ታቅፋ መጣች።

“እንደምን አደሩ ጋሼ? ሄርሜላ ነኝ፤ ለእህቴ ሽሮ እልካለሁ ብዬ የደወልኩት።”

“ደኅና፣ ጌታ ይመስገን። አምጪው የኔ ልጅ፣ ቦታ አይጠፋም።”

ሄርሜላ ከአዲስ አበባ መጥታ የመንገድ ደኅንነት የተማረች፣ በሌላ ድርጅት ሹፌሮችን የምታሠለጥን ልጅ ናት። ካርቶኑን ልታቀብል ስትል ግድግዳው ሥር የተከመረ፣ በበረዶ ጊዜ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰር ብረት አየችና እጇን ሰበሰበች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ የጎማ ሰንሰለት የማን ነው?”

“የእኔው ነዋ። ሳጥኑ ሲጠብብኝ አወረድኩት።”

“ጋሼ! ተራራው ላይ ከባድ በረዶ ይጥላል ተብሏል እኮ። ደግሞስ በኖርዌይ ሕግ በበረዶ ወቅት የጭነት መኪና ሰንሰለት ሳይዝ መሄድ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ።”

የጋሽ ገመዳ ፊት ተለወጠ። በልጅ መመከር አልለመዱም።

“ስሚ ልጄ፣ እኔ ጣርማ በርን በጉም የነዳሁ ሰው ነኝ። የበረዶ ጎማዬም አዲስ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማሽም? የሰው አደራ ጥዬ ብረት ተሸክሜ ልሂድ?”

“ጉም ሌላ፣ በረዶ ሌላ ነው። ዳገቱ መስታወት ሲሆን አዲስ ጎማም ብቻውን አያወጣም። ለመሆኑ ሰንሰለቱን አስረውት ያውቃሉ?”

“ሲያስፈልግ አስረዋለሁ።”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሼ።”

“ወይ አፍ!” አሉ የሳጥኑን ክዳን በኃይል እየገፉ። “እኔን የሚጠብቀኝ አለ! የዛሬ አራት ዓመት እዚያው ተራራ ላይ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፍሬን ብይዝ እምቢ አለኝ። ‘ኢየሱስ!’ ብዬ ስጮኽ ቀጥ ብሎ ቆመ። በየዓመቱ በጉባኤ የምመሰክረው ነው።”

“እግዚአብሔር ይመስገን፤” አለች ከልቧ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ከኋላዎ ሰው አልነበረም?” ስትል ጠየቀች።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጉባኤው ሃሌሉያ ይላል፣ እሳቸውም ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ግን አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነበረች። ተሳቢው ሲቆም በመካከላቸው አንድ ክንድ አልቀረም። የምትነዳው ሴት ወርዳ አልተሳደበችም፤ ልጇን ከኋላ ወንበር አውጥታ በረዶው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህን ለሚስታቸው ለኤልሳቤጥ እንኳ ነግረው አያውቁም።

“ነበሩ፤” አሉ በመጨረሻ። “እናትና ልጅ።”

“ሰንሰለቱስ የት ነበር?”

“ቤት። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በሶ ነው።”

የሄርሜላ ዓይን እንባ አቀረረ። “ጋሼ፣ እግዚአብሔር አላተረፈዎትም አልልም፤ ማን ደፍሮ! ግን ከኋላዎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ነፍሱን አደራ ሰጥቶዎታል። እህቴ ሽሮ ባይደርሳት ከሱቅ ትገዛለች። የዚያች እናት ልጅ ግን ከየት ይገዛል?” ካርቶኗን መልሳ ታቀፈች። “የእኔ ይቅር።”

ሊቆጧት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን በረዶው ላይ የተቀመጠችው ሴት ፊታቸው ላይ ድቅን አለችባቸው። ሰዓታቸውን አዩ። አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

“ነይ እስቲ፤” አሉ። “እንዴት ነው የሚታሰረው?”

መጀመሪያ ሲያስሩት ተጣመመ። ሁለተኛ ሲሞክሩ መቆለፊያው ጣታቸውን ልጦ አደማው፤ ሄርሜላም “ተንበርክከው ከውስጥ በኩል ይጀምሩ፣ አይቸኩሉ” አለቻቸው። በሦስተኛው ያዘ። ፈትተው ሳጥኑ ውስጥ ሲያስቀምጡት ለፌስታል የሚሆን ቦታ አልተረፈም። በርበሬውና በሶው ለየላኪው እንዲመለስ ሄርሜላ ይዛው በመጣችው መኪና ውስጥ ተጫነ።

በማግስቱ ቀትር ተራራው ሥር ፖሊስ የጭነት መኪና እያስቆመ ሰንሰለት ይጠይቅ ነበር። ያልያዙት ዳር ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ገመዳ ወርደው፣ ተንበርክከው፣ በገዛ እጃቸው አሰሩና ዳገቱን ቀስ ብለው ተያያዙት። መኪናው አንዴም ወደ ኋላ አላለም። በመስታወቱ ከኋላቸው የሚከተሉትን ትንንሽ መኪኖች እያዩ ወጡ፤ ጭነታቸውም በሰዓቱ ደረሰ። እንግዲህ ሕግ ሹፌርን ለማስጨነቅ ብቻ የወጣ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እነዚያን ከኋላ የሚከተሉትን ይቁጠር።

ከመንገድ ተመልሰው እሑድ ጋሽ ገመዳ በጉባኤው ለምስክርነት ቆሙ። የቀይዋን መኪና ነገር፣ የበሶውንም ነገር ሳይደብቁ ተናገሩ። “ጌታ ያን ቀን ያተረፈኝ ሰንሰለቴን እንድይዝ ነበር፤ እኔ ግን አራት ዓመት በሶ ጫንኩበት” ብለው ተቀመጡ። እንደ ወትሮው ሃሌሉያ ያለ ሰው አልነበረም።

ኤልሳቤጥ የተላጠውን ጣታቸውን ይዛ፣ “ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?” አለቻቸው።

“እናቱን አልጠየቅኋትም” አሉና አለቀሱ።