ከማደንዘዣ በፊት የተጠጣ አጥሚት

ባሮ የሚያቋርጠው አዲሱ ክልል ማኅተሙን ካስቀረጸ ዓመት ሳይሞላው ነው። ማደንዘዣ ሰጪው ዘውዱ በጠዋቱ ሙቀት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ የባሮን ድልድይ ተሻግሮ የሆስፒታሉ በር ሲደርስ ከጋሽ እንየው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ጋሽ እንየው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው እታገኝ ዛሬ የሆዷ እባጭ በቀዶ ጥገና ሊወጣላት ተራ ይዛለች። እሳቸው ግን ባዶ ፔርሙዝ አንጠልጥለው ፈገግ ብለዋል።

«ምን ነበረበት?» አለ ዘውዱ፣ መልሱን እየፈራ።

«የበቆሎ አጥሚት፣ በወተት! ትጠንክርልኝ ብዬ ሁለት ኩባያ ግጥም አደረገችልኝ።»

ዘውዱ ግንባሩን ያዘ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። አንዱን አክስቱ ማንጎ፣ ሌላዋን ባሏ ዓሣ አብልተውበታል።

«ከመኝታ በኋላ እህል እንዳትቀምስ ብዬ አልነበረም?»

«ብለሃል። አጥሚት እህል ነው እንዴ? መጠጥ ነው!»

«እንግዲያው ዛሬ አትገባም።»

«እንዴት ተደርጎ! እባጩን የሚያወጣላት የጅማው ሐኪም ነገ ከሰዓት ይመለስ የለም? ልጄን ለአንድ ኩባያ አጥሚት ልትቀጣት?»

«ሁለት ነው ያሉኝ።» በረዥሙ ተነፈሰ። «ይስሙኝ፣ አባቴ። ሃሎቴን የሚባል በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት አለ። ስትስበው የምትተኛው እሷ ብቻ አይደለችም፤ የጉሮሮዋ ዘበኛም አብሮ ይተኛል። ያኔ አጥሚቱ ወደ ላይ ቢመለስ በሳል አታወጣውም፤ ሳንባዋ ይገባል።»

«አጥሚት ሰው ሲገድል አላየሁም!»

«በሬ መድኃኒት ሲጋት ትን ብሎት ሲሞትስ?»

ሽማግሌው ፔርሙዙን መሬት አስቀመጡ። ዳለቻ ትዝ አላቸው፤ እዚህ በመጡ ዓመት በገዛ እጃቸው የጋቱት በሬ፣ በሦስተኛው ቀን እያቃሰተ የሞተው።

«እሱ እንኳ ቆሞ፣ ዓይኑ ፈጦ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቢተኛማ ኖሮ...» ቀና አሉ። «ግን ትነቃለች?»

«አደጋ የለውም አልልዎትም። ከራስጌዋ ግን አልነሳም። ትንፋሿንና የልብ ምቷን እያየሁ ጋዙን አበዛለሁ፣ እቀንሳለሁ፤ ሲያልቅ እዘጋዋለሁ። እርስዎ ብቻ ባዶ ሆዷን ይስጡኝ።»

ዘውዱ ሐኪሙን ለምኖ ተራዋን ወደ ነገ ጠዋት አዛወረ።

በማግስቱ ጋሽ እንየው የበሽተኞቹን ክፍል በር በዱላ ዘግተው ቆመዋል። ባለቤታቸውን ሺታዬን ከነሳህኗ መልሰዋታል። ዘውዱ ሲመጣም ዱላውን አጋደሙበት።

«አንተስ በልተሃል?»

«ቁርሴን? አዎ፣ ግን...»

«አትገባም!»

«ጋሽ እንየው! የሚጾመው የሚተኛው ነው፤ እኔ አስተኚው ነኝ!»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ዱላውን አነሡ። «ብቻ አንተም እንዳትተኛ።»

እታገኝ እኩለ ቀን ሳይሆን ነቃች፤ ተርባለች። ጋሽ እንየው ግን ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ በሩን አልለቀቁም። ሳህን የያዘ በመጣ ቁጥር «ያንተ በሽተኛ ዛሬ የሚተኛ ነው?» ይላሉ። ነው ካላቸው ሳህኑን ተቀብለው የዳለቻን ነገር ከመጀመሪያው ይጀምሩለታል። በዚያ ሳምንት ጠግቦ ጠረጴዛ ላይ የወጣ በሽተኛ አልነበረም፤ የጠገቡት ጋሽ እንየው ናቸው።