አንዴ ብቻ «አይሆንም» ያለው ሰው

ክቡር ፓስተር ሎውሪ፣ የዴልማር ባለቤት እህቴ ቨርና፣ ከስቱዲዮ ድረስ ለቀብር የመጣችሁ፣ ከፈረስ በመውደቅ የምትተዳደሩ ወዳጆቼ፣ የድራይ ክሪክ ሰዎች ሆይ! ፀሐዩ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ባርኔጣችሁን መልሳችሁ ብታደርጉ ዴልማር አይቀየማችሁም።

ለማታውቁኝ፣ አዮን ፕራት እባላለሁ። ዴልማር ሃከቢ በፊልም ላይ በታላላቅ ተዋንያን ምትክ ሲሞት፣ ልብሱን የማለብሰው እኔ ነበርኩ። ስድሳ ሦስት ጊዜ ሞቷል። ከጣሪያ ወድቆ፣ ከሠረገላ ተወርውሮ፣ በጥይት ተመትቶ። ስድሳ ሦስት ጊዜ አቧራውን አራግፌለታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ግን በገዛ አልጋው ላይ ልቡ ቀጥ አለ። ይህን እንዴት ብዬ ልመን?

ቨርና ዛሬ ጠዋት፣ «አዮን፣ ቅዱስ አድርገሽ እንዳትቀብሪብኝ» ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ። ዴልማር ግትር ነበር። ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ ሲያጭበረብር ደግሞ ያስታውቅበታል። የሠርጉን ፍራሽ ወንዝ ዳር ወስዶ ለፈረስ ያነጠፈ ሰው ነው! ቨርና፣ ስንት ሳምንት ነበር መሬት ላይ የተኛሽው? ሦስት? አራት ትላለች። አራት ሳምንት።

ፈረሷ ዱቸስ ነበረች። የግራው ዛብ፣ ማለት የልጓሙ ጠፍር፣ ሳብ ሲደረግ በጎኗ ጋደም እንድትል አስተማራት። ዱላ አልነካትም። በካሮትና በልመና ብቻ። «ነይ የኔ እመቤት፣ እስቲ ተኚልኝ» ሲላት ሰምቼ፣ ቨርናን «አንቺንስ እንዲህ ብሎሽ ያውቃል?» ብላት፣ «እኔንማ ተነሺ ነው የሚለኝ» አለችኝ።

አንድ ዓመት ከንቲባችን ለነፃነት ቀን ሰልፍ ዱቸስን ተዋሱ። ዴልማር «ጌታዬ፣ የግራውን ዛብ ብቻ እንዳይስቡ» አላቸው። «አንተ ሳትወለድ ነው ፈረስ የጋለብኩት!» አሉት። የሙዚቃ ባንዱ ፊት ሲደርሱ፣ በቀኝ እጃቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጡ፤ በግራ እጃቸው የግራውን ዛብ ሳብ አደረጉ። ዱቸስም የተማረችውን አደረገች። እዚያ ነበርን። ዴልማር ሲሮጥ መጣ። ከንቲባውን ሊያነሳ መስሏችኋል? ለዱቸስ ካሮት ሊሰጣት ነው!

ሳቁ፤ ግድ የለም። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት «የሶልት ፎርክ ሸሪፍ»ን እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ቀረጽን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዳኛው የተገዛ፣ ሹሙ ጉቦኛ፣ አንድ የከብት ከበርቴ የሁሉ ጌታ የሆነበት ከተማ። ሸሪፉ ብቻውን መንገድ መሀል ቆሞ «አይሆንም» ይላቸዋል። የከተማው ሰው መስኮቱን ይዘጋበታል። ዋናው ተዋናይ ራንሰም ኮል ያቺን አንድ ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተናገራት። አንዴ አስነጠሰው፣ አንዴ ዝንብ አፉ ገባች። በአሥራ አንደኛው ግን ሁላችንም አለቀስን። እኔማ እንባዬን የጠረግኩት በእሱ ቅያሪ ሸሚዝ ነው።

ከምሳ በኋላ የሸሪፉ ፈረስ ተመትቶ የሚወድቅበት ትዕይንት ደረሰ። በኮል ምትክ የሚወድቀው ዴልማር ነው። የሸሪፉን ኮት አለበስኩት። የቀረበው ፈረስ ግን ዱቸስ አልነበረችም። ገና ልጅ የሆነ ቡላ ፈረስ ነው። የፊት እግሮቹ በቀጭን ሽቦ ታስረዋል፤ የሽቦው ጫፍ መሬት ውስጥ በተቀበረ ግንድ ላይ ታስሯል። ፈረሱ ሲጋልብ ሽቦው እስከ ጫፉ ይወጠርና እግሮቹ ከሥሩ ይነጠቃሉ። ያኔ የሚሠራው እንዲህ ነበር።

ዴልማር ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ።

«ሚስተር ክራንዳል፣ ዱቸስን ላምጣት። አሸዋ ይነስነስልኝና ያሉኝ ቦታ ላይ እወድቅልዎታለሁ።»

«ያንተ ፈረስ እንደ አሮጊት ነው የምትጋደመው!» አለው ዳይሬክተሩ። «እኔ የምፈልገው ፈረሱ ተገልብጦ ሲወድቅ ነው። ብርሃኑ እየሄደብኝ ነው። ትወጣለህ፣ አትወጣም?»

«አይሆንም።»

አንዴ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እንግዲያው ኮቱን አውልቅ! ከዛሬ ወዲያ የትኛውም ስቱዲዮ ውስጥ የተዋናይ ኮት አትለብስም።»

እዚያ ነበርን። ስልሳ ሰው እንሆናለን። ከምሳ በፊት ስናለቅስ የነበርነው እኛው ነን። ማን አፉን ከፈተ? ማን «ልክ ብሏል» አለ? ሁላችንም ጫማችንን አየን። እኔስ ምን አደረግኩ? ኮቱን ከትከሻው ላይ ተቀብዬ በእሱ ቦታ ለሚወጣው ጋላቢ ለክላይድ ፐርቪስ አለበስኩት። ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ቆለፍኩለት።

የፈረሱ አንገት ተሰበረ። ክላይድ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ያ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ አለ። ሰው ያጨበጭብለታል።

ዴልማር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ፈረስ ኮቴ ላይ ብረት ሲመታ ኖረ። ቀስ በቀስ ሌሎችም እምቢ አሉ፤ ሽቦው ቀረ፤ እሱም ወደ ፊልም ሥራው ተመልሶ ተጠራ። እናንተ ወጣት ጋላቢዎች ሽቦውን በዓይናችሁ አላያችሁትም። እንዳታዩት ከሥራው የተባረረው ይኸው እዚህ ተኝቷል። በተመለሰበት ቀን ልብስ ሳለብሰው፣ «አዮን፣ ያ ኮት ክላይድን ልክ ሆነው?» አለኝ። «ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር» አልኩት። ሳቀ። ሳቅኩ። ይቅርታ የምልበት ሰዓት ያ ነበር፤ በሳቅ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በየእሑዱ ከቸርች ስንወጣ አብረን የፖም ፓይ በልተናል። ያላማነው የከተማ ሰው የለም። ያቺን ከሰዓት ግን አንድም ቀን አላነሳኋትም።

ክላይድ፣ ከኋላ አትቁም፤ ና። ቨርና የመጀመሪያውን አፈር አንተ እንድታለብሰው ትፈልጋለች። ና፣ ክንዴን ያዝ።

ዴልማር፣ ይህን ስልሳ ሰው ፊት ማለት ነበረብኝ። ዛሬም ስልሳ አናንስም። አንተ ብቻ አትሰማኝም። ልክ ነበርክ። እኔ አፍሬ ሳይሆን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ልክ ነበርክ፣ ወንድሜ። ደህና ሁን።