ቀይ ቆርኪ፣ ነጭ ቆርኪ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን፣ የማብሰያ ክፍል ሰዎች፣ የልብስ ንጽሕና እህቶች፣ እናንተም ከምድር ቤት የመጣችሁ የራሴ ጉዶች፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ለእኔ ብላችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያቀረበው፣ ጠረጴዛ ያለበሰችው፣ ብርጭቆ ያጠበው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ይህን ወረቀት የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የጎደለ ፊደል ቢኖርም በጆሮ አይታይም፤ እናንተ ምን ቸገራችሁ?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አለ። አንዱ ቀይ ቆርኪ፣ አንዱ ነጭ ቆርኪ። እስክጨርስ ማንም እንዳይከፍት። አንተ ጥበቃው፣ እጅህን ሰብስብ፤ አይቼሃለሁ።

ቀዩ የኤሌክትሪሺያናችን ነው። ነጩ የእኔ ነው። ሁለቱም አይፒኤ የሚሉት ቢራ ነው፤ ያ መራራው፣ አበባ አበባ የሚሸተው። ሁለቱም ቤት ውስጥ ተጠመቁ፣ ሁለቱም ካንድ ዓይነት ካርቶን ወጡ። እኔ ስጨርስ ሁለቱንም ትቀምሱና የትኛው እንደሚበልጥ ትነግሩኛላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። መሰናበቱማ በስልክም ይሆን ነበር።

በዚህ ሆቴል ሠላሳ ሦስት ዓመት ቧንቧ ጠግኛለሁ። ከኋላዬ «ጋሽ ጠብታ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልቀየምም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ምድር ቤት ሆኜ ይሰማኛል፤ ከሰማሁ ደግሞ ሳልዘጋው ምሳ አልበላም። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? ቀጥሎ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ይህ ኤሌክትሪሺያን መጣ። እኔ ከማጠቢያ ሥር ስወጣ ቆሻሻ ለብሼ ነው። እሱ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ሲወርድ ሸሚዙ አሁን የተተኮሰ ይመስላል። እሱ መብራት ሲመልስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ፍሳሽ ሳቆም ማን አጨበጨበልኝ? የቆመ ፍሳሽ አይታይማ! የሚታየው የሚፈሰው ነው።

ያኔ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ነበረች። ካውያዋ ተበላሸ። ሁለት ቀን ታገልኩት። «ለምን ያን ልጅ አትጠራውም?» አለችኝ። ጠራሁት። እኔ መፍቻ ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ስወጣ ጨርሶ እጁን እየጠረገ ነው። ባለቤቴ ካውያውን ገልብጣ አየችውና፣ «ንጹህ ሥራ!» አለችው።

ንጹህ ሥራ! የገዛ ቤቴ ውስጥ፣ እኔ መፍቻ ይዤ ቆሜ። ያንን ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ከማጠቢያው ሥር ስወጣ የምትለኝ፣ «ጨረስክ? በል ወለሉን ጥረግ» ነበር። እጠርግ ነበር፤ ምን አደርጋለሁ?

ያንን ቃል አሥራ ሰባት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ወደ ቢራው ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በሣጥን ጠርሙስ ይዞ ወርክሾፕ መጣ። «ራሴ ነኝ የጠመቅኩት» አለ። ዋናዋ አብሳያችን፣ የማንንም እጅ የማታመሰግነዋ፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችና «አንተ፣ እጅህ ይባረክ!» አለች። አለቃችን ሁለተኛ ጠርሙስ ጠየቀ። እኔም ቀመስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጥሩ ነበር። የተናደድኩት በዚህ ነው። መጥፎ ቢሆን እኮ አቅፌ እስመው ነበር።

ከዚያ ጡረታዬ ደረሰ። አለቃችን ከሁለት ወር በፊት ጠራኝና፣ «ጋሼ፣ ለስንብትዎ ቀን ምንም አያስቡ። ኤሌክትሪሺያናችን ቢራውን ይጠምቃል» አለኝ።

«ደስ ይለኛል» አልኩ። የቀሩኝን ጥርሶች ነክሼ። በገዛ ስንብቴ የእሱ እጅ ሊመረቅ? እኔ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ «እጅህ ይባረክ» ሊባል? በማግሥቱ እሱ ከገዛበት ሱቅ ሄጄ ያንኑ ካርቶን ገዛሁ።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ማር የመሰለ ጥቁር የብቅል ፈሳሽ። አንድ ከረጢት እርሾ። አንድ ከረጢት ሆፕ፣ ምሬቱንና ሽታውን የሚሰጠው የደረቀ አበባ። ባልዲ ከነክዳኑ፤ ክዳኑ ላይ የሚሰካ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ። እና ወረቀት። ፊደሉ ጉንዳን የሚያክል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ ቤት ወረቀት የእሷ፣ ቧንቧ የእኔ ነበር። ከዚህ የሚሰጠኝን የሥራ ማዘዣ ኪሴ ከትቼ ቤት እወስደዋለሁ፤ እሷ ታነብልኛለች፤ በማግሥቱ እሠራዋለሁ። እናንተ «ጋሼ ሥራ ከመንካቱ በፊት አንድ ቀን ያስብበታል» ትሉ ነበር። ሁለት አለቆች በዚህ ምክንያት አመስግነውኛል። እያሰብኩ አልነበረም። እያስነበብኩ ነበር።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ።

እሷ ከሞተች ወዲህ ማዘዣውን እንደ ምንም እየለቀምኩ አንብቤያለሁ። የዚያን ካርቶን ወረቀት ግን አልቻልኩትም። «አንብቡልኝ» ብሎ ሰው መለመን ደግሞ ከእኔ አይወጣም። ሥዕል አለው አልኩና በሥዕሉ ሄድኩ። ሥዕሉ ቆርቆሮ ሲገለበጥ ያሳያል፤ ገለበጥኩ። ውኃ ያሳያል፤ ጨመርኩ። ከረጢት ያሳያል፤ እርሾውንም ሆፑንም ባንድ ላይ ዘረገፍኩት። ክደን ይላል፤ ከደንኩ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ትንሿ ቧንቧ አናቷ ላይ አረፋ እየተፋች፣ ጎኗ ላይ ቀስት ተደርጎባታል። «አሃ» አልኩ፣ «ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ጋ ያፈሳል ማለታቸው ነው።»

በሁለተኛው ቀን ጀመረቻ። ቡልቅ። ቡልቅ። ቡልቅ።

እስቲ ፍረዱኝ። ጋሽ ጠብታ የተባለ ሰው፣ ከገዛ ወጥ ቤቱ እንዲህ ያለ ድምፅ እየሰማ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? ቴፍሎን፣ ያን የቧንቧ ማሸጊያ ነጭ ጥብጣብ፣ አመጣሁ። ሰባት ዙር ጠቀለልኩ። ክዳኑንም በብረት ቀለበት አሰርኩት። ቀጥ አለ! ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ጭጭ። «ያ ኤሌክትሪሺያን እንዲህ አድርጎ መዝጋት ይችላል?» ብዬ ኮራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጢሜን እየተላጨሁ ሳለ ባልዲው ፈነዳ። ክዳኑ ኮርኒሱን መትቶ ተመለሰ። ቢራው ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ እኔ ላይ። ምላጩ ባልጎዳኝ ተመስገን ነው። ተጣጥቤ ሥራ ገባሁ። የሠራተኛ መግቢያው ላይ ማን ቢያገኘኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ላይ አበባ በቅሏል» አለኝ።

እሱው ኤሌክትሪሺያኑ! ሆፗን በሁለት ጣቱ አነሳት፣ አሸተታት፣ ገባው።

«ማስተንፈሻዋን ዘጓት እንዴ?»

«ታፈስ ነበራ!»

«ጋሼ፣ የእሷ ሥራ እኮ ማፍሰስ ነው። ባልዲው የሚተነፍሰው በእሷ ነው።»

ሥራዋ ማፍሰስ የሆነ ቧንቧ! በሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ሰው ይህን ነግሮኛል? እሱ ደግሞ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላበት ባገኘሁ።

እሑድ መሰላል ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ሳልጠራው። ኮርኒሱን ወልውሎ ሲጨርስ መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ ወረቀቱን አነሳና ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። «ሆፑ በአምስተኛው ቀን ይጨመር» ይላል፤ ደግሞ ይደግመዋል። «ለራሴ ነው ጋሼ፣ እኔም እየረሳሁት ተቸግሬ ነው» ይላል። አያችሁ ብልጠቱን? አለማንበቤን አውቋል፤ ማወቁን ግን አያሳውቀኝም። በዚህም ቀናሁበት። እኔ ብሆን ለሆቴሉ ሙሉ ነበር የማዳርሰው።

ሲወርድ መደርደሪያው ላይ ካውያውን አየ።

«ይሄ ካውያ አሁንም አለ? ባለቤትዎ ያን ቀን ያሉኝን ያውቃሉ?»

«‹ንጹህ ሥራ› አለችህ። መች ጠፋኝ?»

«እሱማ እርስዎ እያሉ ነው። በር ላይ ሲሸኙኝ ያሉኝን ነው እንጂ። ‹ይኸውልህ፣ ንጹህ ሥራ ማየት ከፈለግክ ባለቤቴ ሲሠራ እይ። የእሱን የሚያክል አላየሁም። እንዳትነግረው ታዲያ፤ ከነገርከው ወለሉን አይጠርግልኝም› አሉኝ። አደራ ስላሉኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት።»

ሰዎች፣ ደስ አለኝ? ልዋሻችሁ አልችልም፤ ደስታው ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ቅናቱ ነው። ስለ እኔ የተባለውን ከአፏ የሰማው እሱ ነው! እኔ በሁለተኛ እጅ፣ መሰላል ሥር ቆሜ፣ ከኮርኒሱ የመወልወያ ውኃ እየተንጠባጠበብኝ ሰማሁት። «ስትልህ ፊቷ እንዴት ነበር?» አልኩት። «በሩን ይዘው ፈገግ ብለው ነበር» አለኝ። ያቺ ፈገግታ ያለችው እሱ ጋ ነው። እኔ ጋ የለችም። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አልቀናበት?

በማግሥቱ ሁለተኛ ካርቶን ገዛሁ። ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቡልቅ ይላል፤ እጄ ወደ ቴፍሎኑ ይሄዳል፤ እጄን መልሼ ታፋዬ ሥር አደርገዋለሁ። ሲያፈስ እያየሁ ዝም ማለትን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። በአምስተኛው ቀን ሆፑን ጨመርኩ። ሲረጋ በጠርሙስ ሞላሁት፣ በየጠርሙሱ ጥቂት ስኳር ጨመርኩ፣ ነጭ ቆርኪ መታሁበት፣ ሁለት ሳምንት ጨለማ ውስጥ አሳደርኩት። ማንም አልነካልኝም። አንባቢዬ ሌላ ነው፤ እጁ ግን የእኔ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ሄደ ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። የእሱ ከበለጠ የእሱ በሉ፤ ቤቴ ገብቼ ሦስተኛ ባልዲ አዘጋጃለሁ፤ ከእንግዲህ ጊዜ ሞልቶኛል። የእኔ ከበለጠ ደግሞ «እጅህ ይባረክ» አትበሉኝ። የምፈልገውን ታውቃላችሁ። ሁለት ቃል ነው። ፊቴ ቆማችሁ በሉኝ፤ በር ላይ ለሌላ ሰው አይደለም።

በሉ፣ መርቄ ልቀመጥ። ቧንቧችሁ አይፈንዳ፤ መተንፈስ ያለበት ይተንፍስ፣ መዘጋት ያለበት ይዘጋ። የሚያነብላችሁ ሰው ከቤታችሁ አይታጣ። ወጣቶቹ እናንተ ተሹማችሁ ልያችሁ፤ የደከማችሁት በጤና ለጡረታ ብቁ። የምድር ቤት ልጆቼ፣ ከእኔ የበለጠ ጆሮ ይስጣችሁ። አለቃችን፣ ትዕግሥት አይለይህ፤ ከእኔ በኋላ ያን ያህል ባታስፈልግህም።

አንተ ኤሌክትሪሺያን፣ ተነስ። ነጩን መጀመሪያ የምትከፍተው አንተ ነህ። ወደ እኔ ዙር፤ ስትውጥ ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ፣ ይህቺን እንኳ ማንም አይቀድመኝም። ቆርኪውን ቀስ ብለህ አንሳው፤ አረፋው ሳይበዛ አይቀርም።

ቢፈስም አትጨነቅ። ወለሉን እኔ እጠርጋለሁ።