ከፓምፑ እጃቸውን ያላነሡት ዶን አርቴሚዮ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የሁለተኛው ማኅበር እሳት አጥፊዎች፣ የፑኤርቶ ኡልሜ ሕዝብ፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ የታዘዝሁት እኔ ሊሳንድሮ ማልዶናዶ ነኝ። ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ፤ ሳልጨርስ ግን ከዚህ አልወርድም።

ዶን አርቴሚዮ ባሪየንቶስ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከዶን ሴልሶ ባሪየንቶስና ከእናታቸው ከዶኛ ፊሎሜና ኦያርሶ እ.ኤ.አ. በ1938 በዚሁ በከተማችን፣ ከወንዙ ማዶ በነበረችው የሳንቃ ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ወገባቸውን ታመው ሥራ ሲያቆሙ ትምህርቱን ትተው በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ሞተር መፍታትና መግጠሙንም እዚያው ለምደው እስከ ጡረታቸው ድረስ በቅንነት አገልግለዋል።

ገና በወጣትነታቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ ሳይረን ሲጮኽ ማንኪያውን ጥሎ ከሚሮጠው ከማኅበራችን ጋር ተቀላቀሉ። ቶማሳ ብለን ስም ያወጣንላት ቀይዋ መኪና ከዋና ከተማው በባቡር ተጭና የመጣችልን ያን ጊዜ ነው። ስትመጣም አሮጊት ነበረች፤ ቀለሟ እንጂ አንጀቷ ያለቀ ነበር። የፓምፗ የነዳጅ እጀታ ሞላው ላልቶ፣ መለዋወጫም ጠፍቶለት፣ ሰው በእጁ ካልያዘው ተመልሶ ይወርዳል፤ በገመድ እንሰረው ቢሉ ግፊቱ በዝቶ ቱቦው ይፈነዳል። እጀታው ከወረደ ውሃው ይቆማል፤ ውሃው ከቆመ ደግሞ ቱቦ ይዞ እሳት ውስጥ የገባ ሰው አለቀለት። ስለዚህ ሌላ አዋቂ መጥቶ እጁን በእጁ ላይ ሳይጭንለት ፓምፕ የያዘ ሰው አይለቅም፤ ይህ የማኅበራችን ሕግ ነው። የዚያችን አሮጊት ጠባይ እንደ ዶን አርቴሚዮ የቻለ አልነበረም፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ አማርረዋት አያውቁም።

በ1964 ከዶኛ ኤርሲሊያ ሶቶ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወሰኑ። በሠርጉ ዕለት ድግሱ ገና ሳይጋመስ ሳይረን ጮኾ ሙሽራው በሙሉ ልብሳቸው ሮጠው ወጥተው፣ ጥቀርሻ ለብሰው ሲመለሱ፣ ሙሽሪት በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ “በጣውንት ላይ የገባች ሴት አውቃለሁ፤ በመኪና ላይ የገባሁ ግን እኔ ብቻ ነኝ!” ብለው ያን ሁሉ ሰው በሳቅ ገደሉት። ያኔ ይስቁ ነበር፤ ሁለቱም ሳቂታዎች ነበሩ። ሩቤንንና ኔሊዳንም ወለዱ።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስሁ።

በዚያ ዘመን የጣቢያችን ሳይረን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይጮኽ ነበር። ከተማው ሰዓቱን የሚሞላው፣ ፋብሪካው ሠራተኛውን ለምሳ የሚለቀው በእሱ ነበር። በ1979 የክረምት ወር፣ ሩቤን ትምህርት ቤት ሳለ፣ ዶኛ ኤርሲሊያ ትኩሳት የያዛትን የሰባት ዓመቷን ኔሊዳን አስተኝተው መድኃኒት ሊገዙ ወጣ እንዳሉ፣ ከምድጃው ጭስ መውጫ የተነሣ እሳት ቤታቸውን ያዘው። ጊዜውም፣ ይጥፋ ያ ጊዜ፣ ልክ እኩለ ቀን ነበር። ዘበኛው ሳይረኑን አስጮኸ። ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ፤ ማን ይስማው! ከተማው ሁሉ ምሳ ደረሰ ብሎ ወደ ማዕዱ ቀረበ። የደረስነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፦ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስደው ቶማሳን ግራሶ ይቀቡ የነበሩት ዶን አርቴሚዮ፣ ነፍሱን ይማርና ኦኖፍሬ ካርካሞ፣ እና በጣቢያው በር አልፍ የነበርሁት እኔ። የሚቃጠለው ቤት የማን እንደሆነ ያወቅነው ወደ መንገዱ ስንታጠፍ ነው።

ኦኖፍሬም እኔም አዲስ ነበርን፤ ፓምፑን አናውቅም። ዶን አርቴሚዮ ከመኪናው ዘለው ወደ በሩ ሮጡ፤ ከዚያ ቆሙ። ዘወር ብለው አዩን። “ኔሊዳ በጓዳ በኩል ናት፤ ወደ ግራ!” አሉና ተመልሰው እጀታውን ያዙ። እኛ ገባን።

እኛ ውስጥ ሳለን በውጭ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ዶኛ ኤርሲሊያ ደርሰው፣ “ልቀቀው! አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ ናት! ልቀቀውና ግባ!” እያሉ የባላቸውን ክንድ እስኪደማ ቧጠጡት። እሳቸውም እንባቸው እየወረደ፣ “ከለቀቅሁት እነሱም እዚያው ይቀራሉ፣ ኤርሲሊያ፤ እነሱም ይቀራሉ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አለቀቁም። እኛ ኔሊዳን ከአልጋው ሥር አግኝተን ታቅፈናት ወጣን፤ ትንፋሽ ግን አልነበራትም። ዘግይተው የደረሱት ባልደረቦቻችን የዶን አርቴሚዮን እጅ ከእጀታው ያስለቀቁት ጣታቸውን አንድ በአንድ እየፈቱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማችን እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ጮኾ አያውቅም። የሰው አፍ ግን ዝም አላለም። “እንዲህም አባት አለ? ከልጁ መኪናው በለጠችበት!” ያላችሁ ዛሬም እዚህ ቆማችሁ ይሆናል። እግዚአብሔር ይይላችሁ፤ እኔ ሌላ አልልም።

ዶኛ ኤርሲሊያ ትዳራቸውን ጥለው አልሄዱም። አበሰሉ፣ አጠቡ፣ በአንድ ገበታ ቀረቡ፤ ስለዚያ ቀን ግን ቃል አልተነፈሱም፤ ዶን አርቴሚዮም አልጠየቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ “ሊሳንድሮ፣ ይቅር ትበለኝ አልልም፤ ብትጠላኝ እውነቷን ነው። ግን ‘አንተስ ምን ታደርግ’ የምትለኝን ቀን እየጠበቅሁ አረጀሁ” አሉኝ። ይህን እየጠበቁ ነው የኖሩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ አካላቸው በደም ግፊት ሰነፈ፤ ዶኛ ኤርሲሊያ በማንኪያ እያጎረሱ፣ እያገላበጡ አስታመሟቸው። በዚህ ክረምት ሳንባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶኛ ኤርሲሊያ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው፣ “አርቴሚዮዬ፣ አንተስ ምን ታደርግ” አሏቸው። እሳቸው ግን ከጧት ጀምሮ ራሳቸውን አያውቁም ነበር። በዚያው ዕለት፣ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ዶኛ ኤርሲሊያ፣ “ሰምቶኝ ይሆን?” ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው።

ዶን አርቴሚዮ ባለቤታቸውን ዶኛ ኤርሲሊያን፣ ልጃቸውን ሩቤንንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። እኔም ማንንም ሳላስፈቅድ እጨምራለሁ፦ የእኔን ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የኦኖፍሬንም እንዲሁ፤ የዶን አርቴሚዮ እጅ ያን ቀን ቢላላ ኖሮ አንዳቸውም አይፈጠሩም ነበር።

አምላክ ነፍሳቸውን እሳት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ከኔሊዳም ጋር ያገናኝልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን።

በማኅበራችን ደንብ የሟች ባልደረባ ስም በመቃብሩ አፍ ሲጠራ ሁላችንም በአንድ ድምፅ “አለ!” ብለን እንመልስለታለን። ዛሬ ጧት አንዲት ሴት “ይህን ድምፅ ለእኔ ተዉልኝ፣ ምናልባት ይሰማኛል” ብለው ለምነውናል። አሁን ስማቸው ይጠራል። ማኅበርተኞች፣ ዝም በሉ፤ ዶኛ ኤርሲሊያ ይመልሱ።